መብራቱ ይተንፍስ

ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ በር ላይ ያደሩ መኪኖችን የፊት መብራት ልብ ብላችሁ እዩ። ከውስጥ ጉም የለበሰው ብዙ ነው፤ ታችኛው ጥግ ላይ ውኃ ያቆረም አይጠፋም። የብዙ ባለመኪና መፍትሔ አንድ ነው፤ ዙሪያውን በሲልከን መለሰን። እባካችሁ ይህን ነገር እንተወው።

የመኪና መብራት ሲሠራም ድፍን ተደርጎ አልተሠራም። ከጀርባው ትናንሽ መተንፈሻዎች አሉት። ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋና ይወጣል፤ ሲጠፋ ቀዝቅዞ የውጭውን አየር ይስባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሰፈራችን፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሳበው አየር እርጥበት ያዘለ ነው፤ ሌሊት ሲበርድ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ስስ ጉም ከሆነና መብራቱ በርቶ መኪናው ትንሽ ሲነዳ ከለቀቀ ችግር የለውም። ጠብታ ሆኖ ከወረደ ወይም ቀናት ከቆየ ግን ውኃ የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ያንን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የምንከፍተው እኛው ነን። አምፖል ሲቀየር የኋላው የጎማ ክዳን በወጉ ሳይገጠም ይቀራል። ኤልኢዲ አምፖል ሲገባ ደግሞ ክዳኑ አልዘጋ ስለሚል ይቆረጣል፣ ከነጭራሹም ይጣላል፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ተገጭቶ የተጠገነ መኪና ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖራል። ላቫጆ ላይ ትኩስ መብራት በግፊት ውኃ ሲመታ ውስጡ ድንገት ይቀዘቅዝና ውኃውን በመጋጠሚያው ይምጋል። የሰሚትና የጎሮ የበጋ አቧራም መተንፈሻውን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ ክረምት ላይ የገባው እርጥበት መውጫ የለውም። ሲልከኑም መተንፈሻው ላይ ካረፈ ያው ነው፤ እርጥበቱን እዚያው ያስረዋል።

የታሰረ እርጥበት አንጸባራቂው ላይ ያለውን ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ይልጠዋል። ያኔ ማድረቅ አያድነውም፤ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ሙሉ መብራት መግዛት ነው። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን ብሩ አይደለም። በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ምሽት፣ ዝናብ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ሲሻገር፣ ውኃ የቋጠረ መብራት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ሰውየውን የምናየው አጠገቡ ስንደርስ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ የኋላውን ክዳን አውጡና ደረቅ ቦታ ላይ መብራቱ ይናፈስ። የፀጉር ማድረቂያም ይረዳል፣ ሙቀቱ ዝቅ ይበል እንጂ፤ መስታወት የምንለው ፕላስቲክ ስለሆነ ይጣመማል። መተንፈሻውን ከአቧራ አጽዱ። የደረቀ ክዳን ካለ ይቀየር፤ ከመብራቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ስንጥቁ ከታየ ብቻ፣ ፍጹም ከደረቀ በኋላ፣ ስንጥቁን ብቻ በሲልከን ድፈኑት። ውኃው እንዲወርድ ብሎ ከታች መብሳትም አለ፤ የቦሌን የመንገድ ጎርፍ በቀዳዳው መጋበዝ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ አንድ ነገር እወቁ። የድሮው 55 ዋት አምፖል አብዛኛውን ጉልበቱን ሙቀት ስለሚያደርገው ጉሙን ራሱ ያደርቀው ነበር። ኤልኢዲ ሙቀቱን ወደ ኋላ ስለሚሰድ መስታወቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ጉሙም ቶሎ አይለቅም። ጠብታ እስካልሆነ ድረስ አትደናገጡ። ጠብታ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይነካካው ፎቶ አንሱትና ዋስትናው ሳያልቅ ለሻጩ አሳዩት።