ሰልባጅ ስንገዛ

ሰልባጅ ማለት ሌላ ሰው ለብሶ የተወው ልብስ ነው። ከሩቅ አገር በቦንዳ ታስሮ ይመጣል። በገበያ ቀን ሻጩ ሸራ አንጥፎ ይከምረዋል። ኮቱ፣ ሹራቡ፣ የልጅ ሱሪው ሁሉ ተደባልቆ ነው። እኛም ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን እናገላብጣለን።

ለምን እንወደዋለን? አንደኛ፣ ዋጋው ይቀላል። ሁለተኛ፣ ደህና ካፖርት ከተገኘ የደጋን ብርድ ለዓመታት ይመክታል። ሦስተኛ፣ ፍለጋው ራሱ ደስ ይላል። ከክምሩ ሥር ጥሩ ሹራብ ሲወጣ እሰይ ያሰኛል።

አንዳንድ ሰው ግን «የሞተ ሰው ልብስ ነው» እያለ ይሸሸዋል። ይህ ወሬ በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋና፣ ሰልባጅን «ኦብሮኒ ዋዉ» ይሉታል። የሞተ ነጭ ልብስ ማለት ነው። ነገር ግን በሀብታም አገሮች ሰዎች ልብስ ቶሎ ቶሎ ይገዛሉ፤ የሰለቻቸውን ይሰጣሉ። ብዙው ሰልባጅ የሚመጣው እንዲህ ነው። በቤታችንስ ለታላቁ የጠበበውን ሹራብ ታናሹ ይለብስ የለም? ይህን ማንም አይንቅም። ልጆቻችን በክረምት ሲንቀጠቀጡ ከማየት ሰልባጅ ማልበስ ይሻላል።

ስንገዛ ግን እንጠንቀቅ። ልብሱን ወደ ብርሃን አንስተን እንየው። ብል የበላው ቀዳዳ ይታያል። ስፌቱን፣ ብብቱንና ክርኑን እንፈትሽ። ርካሽ ነው ብለን የማያስፈልገንን ብንገዛ፣ ርካሽነቱ የቱ ላይ ነው?

ከአንገቱ ወይም ከጎኑ በውስጥ በኩል ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታ ትገኛለች። ቋንቋዋ ባይገባንም ቁጥሯን ማንበብ እንችላለን። በውሃ ገንዳ ሥዕል ውስጥ 40 የሚል ካለ፣ የማጠቢያው ውሃ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አይለፍ ማለት ነው። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል።

ሰልባጅ ሳይታጠብ አይለበስ። ጠንካራ የጥጥ ልብስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። የሱፍ ልብስ ግን በሙቅ ውሃ ይኮማተራል። እሱን በፌስታል አጥብቀን አስረን ሁለት ሳምንት ብናቆየው ቅማሉ ይሞታል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አጥበን እናስጣው።

ለበዓል ሸማኔያችን የሠራውን ጋቢ እንለብሳለን። ለእርሻና ለብርድ ደግሞ ከክምሩ መርጠን እንገዛለን። ሸማኔውም ሥራ አይጣ፤ ልጆቻችንም አይብረዳቸው።