በ18 ዓመት ተከላካይ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ልበልና ስለ አይስ ሆኪ ላውራ። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። በማግስቱ ፍርዱ ይዘንባል፦ እገሌ አተረፈ፣ እገሌ ከሰረ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዲትሮይት በ6ኛ ተራ ጀርመናዊውን ተከላካይ ሞሪትዝ ዛይደርን ሲጠራ ልጁ ራሱ ጆሮውን ማመን አቃተው። ብዙ ተንታኞችም የጠበቁት ከዚያ ዝቅ ብሎ ነበር።

እኔ ተከላካይ ሳይ ጎል አልቆጥርም። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ አጥቂውን ወደ ሜዳው ግድግዳ ይገፋል ወይ? ሁለት ሰው ሲመጣበት ፐኳን፣ ያቺን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ለማን ይሰጣል? ይሄ የሚበስለው በጨዋታ ብዛት ነው። አጥቂ ሲሳሳት ይረሳል፤ ተከላካይ ሲሳሳት ጎል ይገባል። ልጁን ገና በ18 ዓመቱ እዚያ እሳት ውስጥ መማገድ ግፍ ነው ባይ ነኝ።

ዲትሮይት ታገሰ። መጀመሪያ ታችኛው ሊግ ግራንድ ራፒድስ፣ ቀጥሎ ስዊድን ሮግሌ፤ እዚያ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ2021-22 ሲመጣ 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ ጎልና አሲስቱ ተደምሮ 50 ሆነ፤ የምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማቱን ካልደርንም ወሰደ።

ይኸው ክለብ በ1989 ኒክላስ ሊድስትሮምን የመረጠው 53ኛ ላይ ነበር። እሱም ሁለት ዓመት አገሩ ስዊድን ቆይቶ ነው የመጣው። የምርጥ ተከላካይ ሽልማቱን ኖሪስን 7 ጊዜ ወሰደ።