የሰፈር ጠብ በዳኛ ፊት

ጠብና ስድብ በአገራችን ዳኛ ሳያገኙ የሚያድሩ ነገሮች አልነበሩም። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ፣ ሌላው እጁን መሰብሰብ ግዴታው ነበር፤ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛም ቆሞ ነገራቸውን እንዲሰማና እንዲፈርድ ይለመናል። እርሱ ያልቆረጠው ነገር ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያም ወደ በላዩ ሹም ይሄዳል። ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው አብረው ይጓዙ ነበር። ይህን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች በነጠላው እየተደነቁ ጽፈዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የመንገዱ ዳኛ ነው፤ ስድቡ በተነገረበት ቦታ፣ ስድቡን በሰሙት ሰዎች መካከል ቆሞ ይፈርድ ነበርና።

ይህ ልማድ በጽሑፍ ሕግ ዘመንም ፈጽሞ አልጠፋም። በ1949 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቁ የስዊሱ ሊቅ የፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ሥራ ሲሆን፣ ደንብ መተላለፍን ከከባዱ ወንጀል ለይቶ በራሱ ክፍል አስቀምጦታል። በ1954 ዓ. ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለአጥቢያ ዳኛ ሥልጣን ሲሰጥ ከዋርካ ሥር የሚቀመጠውን ሽማግሌ የዘነጋ አይመስልም። ስድብ፣ የእጅ እልፊት፣ በንብረት ላይ የደረሰ ጥቂት ጉዳት ወይም ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆት የቀረበለት አጥቢያ ዳኛ በተቻለው መጠን ነገሩን በዕርቅ እንዲጨርስ ታዘዘ። ዕርቁ ያልሆነለት እንደ ሆነ፣ ሁለት ሰዎች አብረውት ተሰይመው ከ15 ብር የማይበልጥ መቀጫ ይወስናል። እንግዲህ መቀጫው ዕርቅ ሲያቅት የሚመጣ ነገር ነበር።

ከ1967 ዓ. ም. ወዲህ የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎች መጡ፤ ከእነርሱም በኋላ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች። በአዲስ አበባ በ1995 ዓ. ም. የወጣው ቻርተር ደንብ መተላለፍን ለከተማው ፍርድ ቤቶች ሰጣቸው። ዝርዝሩን ለሕግ ተማሪዎች ልተውና ወደ ራሴ ትዝብት ልለፍ።

ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነውና፣ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር ገብቼ ከኋላ ወንበር መቀመጥ ልማዴ ነው። ታላላቆቹን የወንጀል ነገሮች ጋዜጣ ይዘግባቸዋል፤ እኔ የምወደው ትናንሾቹን ነው። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ በከተማው ካሉት ችሎቶች በአንዱ፣ አንድ ጎልማሳ ቀረበ። ሰክሮ በእኩለ ሌሊት ወደ ግቢው ሲገባ የጎረቤቱን የቆርቆሮ በር በድንጋይ ደብድቧል፤ ጮኋል፤ ሰፈሩንም ቀስቅሷል። አንድ ሌሊት በፖሊስ ጣቢያ አድሮ ነው የመጣው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛልና። ዳኛው ክሱን አነበቡለት፤ «አዎን፣ ጠጥቼ ነበር፤ አጥፍቻለሁ» አለ። 200 ብር ተቀጣ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በደንብ መተላለፍ የሚወሰነውን መቀጫ እስከ 300 ብር አድርጎታል፤ 300 ብር ዛሬ በገበያ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቀዋል።

ዳኛው መዝገቡን ሊዘጉት ሲሉ በሩ የተደበደበባቸው ወይዘሮ ከምስክር ወንበር ተነሥተው፣ «ጌታዬ፣ ያ ቃልስ?» አሉ።

«የትኛው ቃል?»

ወይዘሮዋ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ናቸው። እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሰውየው በዚያ ሌሊት ግቢው ሁሉ እየሰማ «ቡዳ» ብሏቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ቤቶች ከእርሳቸው እንጀራ መግዛት ትተዋል። ይህ ሁሉ በክሱ ላይ አልተጻፈም። በክሱ ላይ የተጻፈው ተከሳሹ በመጮኽና በር በመደብደብ የጎረቤቶቹን ዕረፍት ማወኩ ብቻ ነው። ዳኛው በትሕትና፣ «እናቴ፣ የስድቡ ነገር በእርስዎ አቤቱታ የሚታይ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት ይችላሉ» አሏቸው። የተናገሩት ሕጉን ነው፤ አንድም ቃል አላሳሳቱም።

እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሁከትን ክስ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የታወከው ጸጥታ በማግሥቱ በራሱ ተመልሷል፤ ሰው ተኝቷል፤ ሕፃናትም ዝም ብለዋል። ያልተመለሰው ቃሉ ነው፤ ቦኖ ውኃ ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ምጣዱ ዳር ተቀምጧል። መንግሥት ለጸጥታው በራሱ ተነሥቶ ይከሳል፤ ለቃሉ ግን ባለ ጉዳዩዋ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ፣ ምስክር ቆጥራ፣ የዕለት እንጀራዋን አስቀምጣ እንድትመላለስ ይተዋታል። ሁለቱ በደሎች በአንድ አፍ፣ በአንድ ሌሊት የተፈጸሙ ናቸው።

ይህን ስል የአጥቢያው ዳኛ ይመለስ ማለቴ አይደለም። አጥቢያ ዳኛው የሰፈሩን ባለ ርስት የሚፈራ፣ አንዳንዴም ራሱ ባለ ርስት የሆነ ሰው ነበር፤ በዚያ ዘመን የሸክላ ሠሪ ልጅ በፊቱ ቆማ ስለ ክብሯ መናገሯን እጠራጠራለሁ። ዕርቅም ቢሆን ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሽማግሌ ደጃፍ ሲቀመጥ፣ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ፣ እምቢ ያለች ድኻ ሴት ከበዳዩ ይልቅ ክፉ ትባላለች። ይቅር ያለችውም በልቧ ሳይሆን በሰፈሩ ዓይን ተገፍታ ነው።

ነገር ግን መንገድ የለም አይባልም። የ1996ቱ ሕግ ዳኛው በዳዩን እንዲወቅስና ተበዳዩን ይቅርታ እንዲያስጠይቅ ይፈቅድለታል። ይህን ሲሠራበት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ጠብ ያነሣ ወጣት ነበር፤ ዳኛዋ «ምን ብለህ እንደ ሰደብከው እዚሁ ድገመው» አሉት። ወጣቱ ከኋላ የተቀመጡትን እናቱን አየና ዝም አለ። ዳኛዋም አላጣደፉትም። ብዙ ከቆየ በኋላ ወደ ተሰደበው ሰው ዞሮ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ ይቅርታ ጠየቀ። መቀጫም ተወሰነበት። ይህ ሁሉ ከወትሮው የጨመረው ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ መዝገብ የበዛበት ዳኛ ግን ሩብ ሰዓት ከየት ያመጣል?

በሐምሌ ወር ወይዘሮዋን በገበያ አገኘኋቸውና አቤቱታውን አስገብተው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ማን ይመሰክርልኛል? የሰሙት ሁሉ የእርሱም ጎረቤቶች ናቸው» አሉኝ። ሦስቱ ወር በሰኔ አልፏል። እንጀራቸውን የሚሸጡት አሁን ሁለት ሰፈር አልፈው ነው።