ማኅተሙ ከካርታው ሲቀድም

ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው። ፖለቲካ ፍለጋ የመጣችሁ ግን ቶሎ አትሰናበቱኝ፤ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ደጃፋችን ይደርሳል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «መቆለፊያ ካለ ስለ ቅደም ተከተል ለምን እንጨነቃለን?» ድሮ ከመጽሐፍ እመልስ ነበር፤ አሁን ከኑሮዬ እመልሳለሁ።

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በአንዱ (በየትኛው እንደሆነ ይቆየን) በማኅበር ተደራጅተን የቤት መሥሪያ ቦታ እንጠባበቅ ነበር። አካባቢው እንደ አዲስ ተለካ። ካርታው የሚቀመጠው በተቆለፈ ካቢኔት ውስጥ ነው፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ነው። ይሁንና አዲሱ ካርታ ካቢኔቱ ውስጥ ሳይገባ «ልኬቱ ተጠናቋል» የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ቦታ የሚያድለው ባለሙያ ማስታወቂያውን አይቶ ፋይሉን አወጣና በአሮጌው ካርታ ቦታ ሰጠኝ፤ ማኅተምም ተመታበት። አዲሱ ካርታ ሲገባ ያው ቦታ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰውየው መሠረት አስቆፍሮ ድንጋይ አስወርዷል። ማናችንም አልዋሸንም፤ ሁለታችንም ወረቀት አለን።

በከርነል ውስጥ የሚደርሰው ይኸው ነው። አንዱ ፕሮሰሰር መጀመሪያ መረጃውን፣ ቀጥሎ «ተዘጋጅቷል» የሚለውን ምልክት ይጽፋል። ሌላው ግን ምልክቱን አስቀድሞ አይቶ፣ መረጃውን ሲያነብ አሮጌውን ሊያገኝ ይችላል፤ ኮምፓይለሩም ፕሮሰሰሩም ለፍጥነት ሲሉ ተራውን ይለዋውጣሉና። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በተለመደው አሠራራቸው አንዱ ጽሑፍ ሌላውን እንዳይቀድም ይጠብቃሉ፤ በስልኮቻችን ያሉት የአርም ፕሮሰሰሮች ግን ይህን ቃል አይገቡም። ስለዚህ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ለዓመታት ያልተሳሳተ ኮድ ስልክ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

መቆለፊያ ተራ ያስከብራል፤ የሚያስከብረው ግን ቁልፉን በሚቀባበሉት መካከል ብቻ ነው። ሳይቆልፍ ሰሌዳ የሚያነበውን አያድነውም። ሁሉን በአንድ ቁልፍ መዝጋትም ዕዳ አለው፤ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያስገባውን አንድ ትልቅ የከርነል መቆለፊያ ሙሉ በሙሉ ያስወገደው በ2011 ነው፤ ፕሮሰሰሮች በአንድ በር ይሰለፉ ነበርና። ቁልፍ ለማይዙት መፍትሔው የሜሞሪ አጥር ነው፦ ጸሐፊው መረጃውን ሳያደርስ ምልክቱን እንዳያወጣ፣ አንባቢውም ምልክቱን ሳያይ መረጃውን እንዳያነብ። አጥሩ በአንድ ወገን ብቻ ከቆመ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ራሴን ነጻ አላወጣም። ማኅተሙን አይቼ የካርታውን ቀን ሳልመለከት ፈረምኩ። ዶክትሬቴ አልጠቀመኝም።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያጠቃልለው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲሰማ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ደም ፈሰሰ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ተሰረዘ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ይህ ይመስለኛል፦ የዕቅዱ ስም ገበሬው ደጃፍ ሲደርስ፣ የመሬቱ ዕጣ ምን እንደሚሆን የሚነግረው መልስ አብሮ አልደረሰም። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቁልፉ አንድ መሆኑ ግን በራሱ ተራ አያስከብርም።

እኔና ያ ሰው ዛሬም በየቀጠሮው አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ባለፈው «ዶክተር፣ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ማስታወቂያው ከካርታው ቀደመ፤ እኛም ካርታውን ሳናይ አመንነው» አልኳቸው። ከተማሪዎቼ ይልቅ እርሳቸው ቶሎ ገባቸው።

ቸር ይግጠመን።