ከደጃችን የመለስኳቸው እንግዶች

እናቴ የሞተችው እኔን አምና ነው። «ዳቦውን ሰጠሃቸው?» ስትለኝ «ሰጥቻለሁ፤ አመስግነዋል» አልኳት። ውሸቴን ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ለቤተሰቤ ግን ለብዙ ዓመታት ትንፍሽ አላልኩም።

በ1974 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። ከአገሬ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እናቴ በገበያ መኪና በምትልክልኝ በሶና ቆሎ እኖራለሁ። ሒሳብ ያስተማሩን ከኬረላ የመጡ ህንዳዊ ናቸው። በዚያ ዘመን በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ህንዳውያን መምህራን አይጠፉም ነበር። እኛ ስማቸውን ትተን «ሰር» እንላቸዋለን። ሲናገሩ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዝወዝ ያደርጋሉ፤ ከበስተኋላቸው ያንን እየደገምኩ ክፍሉን የማስቀው እኔ ነበርኩ።

እሳቸው ግን ይወዱኝ ነበር። አንድ ቀን አገሬን ጠየቁኝ። አንኮበር ስላቸው ፊታቸው በራ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ከቦምቤይ ተነስቶ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ከኛ አገር ወደብ ተነስተው የደረሱበትን ተራራ ለባለቤቴና ለልጄ ባሳያቸው ደስ ይለኛል» አሉ። እኔም እንደ አገሬ ወግ «ይምጡ ሰር፣ ቤታችን ቤትዎ ነው» አልኳቸው።

አንድ ቅዳሜ በእርግጥ መጡ። ለዕረፍት እቤት ነበርኩ፤ እናቴ ደግሞ ገበያ ወርዳለች። ጉሙ ከቆላው ወጥቶ አጥራችንን ሸፍኖታል። የልጆች ጩኸት ሰምቼ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሰር ከፊት፣ ባለቤታቸው የሳሪያቸው ጫፍ ጭቃ ነክቶት ከኋላ፣ መሐላቸው ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ። ነጭ ካልሲዋ በስብሷል፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች። የሰፈሩ ልጆች «ህንድ! ህንድ!» እያሉ ይከተሏቸዋል። ከነሱ ጋር መታየት አፈርኩ። ታናሽ ወንድሜን «የለም በላቸው» ብዬ ጓዳ ገባሁ።

ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ሰር በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር ለወንድሜ ሰጥተውት ተመለሱ። ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት ዘመን ነው።

እናቴ ስትመለስ ወንድሜ ነገራት። አልመታችኝም። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ «የሰው አገር ሰው፣ ልጅ ይዞ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ከደጄ ተመለሰ?» አለችና ነጠላዋን ወደ አይኗ ወሰደችው። በማግስቱ ድፎ ዳቦ ጋገረች፤ በኮባ ቅጠሉ እንዳለ በጨርቅ ቋጥራ «በእጅህ አድርስና ይቅርታ ጠይቅልኝ» ብላ አሸከመችኝ። ደብረ ብርሃን ስደርስ በሰሮች ሰፈር ዳቦ ተሸክሜ ብታይ ጓደኞቼ ምን ይላሉ ብዬ ከነሱው ጋር ተቀምጬ በላሁት። ሰኞ ሰር ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እናትህ ደህና ናቸው?»

በ2001 ዓ.ም. ለዶክትሬት ትምህርት ባለቤቴንና የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ህንድ ሄድኩ፤ ቪሳካፓትናም፣ በባሕር ዳርቻ ወዳለው አንድራ ዩኒቨርሲቲ። የደረስነው ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱና ዝናቡ አንድ ላይ ይወርዳሉ። ቤት ፍለጋ ስንዞር የመጀመሪያው አከራይ ዋጋ ነግሮን፣ እንስማማለን ስንለው ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እምቢ አለን ብለን ወጣን። ሰውየው «ግቡ እንጂ» ለማለት ዝናብ ውስጥ እየሮጠ ተከተለን። እዚያው መንገዱ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ስንት ጊዜ እጄን አውጥቼ ሰር ራሳቸውን ሲወዘውዙ ተከለከልኩ ብዬ ተቀምጫለሁ! «እሺ፣ ቀጥል» እያሉኝ ኖሯል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱን። ልጄ በወጣች ቁጥር ልጆች ከበው ጸጉሯን ይነካሉ። አንድ ማታ «አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚያዩኝ?» ብላ አለቀሰች። የምመልሰው አጣሁ፤ በአይኔ የመጣችው ያቺ ካልሲዋ የበሰበሰ ልጅ ናት።

ከታችኛው ቤት የሚኖሩት አሮጊት ለቅሶዋን ሰምተው መጡ። ሰፈሩ «አማ» ይላቸዋል፤ በቴሉጉ እናት ማለት ነው። ቋንቋ አልተግባባንም። ልጄን እጇን ይዘው አወረዷት፤ እኛንም ጠሩን። በብረት ሳህን ሩዝና አሬራ አቀረቡልን፤ እንደኛው በቀኝ እጃቸው አቡክተው ለልጄ አጎረሷት። በኋላም ባለቤቴ ለእንጀራ የሚሆን እህል ስታጣ ገበያ ወስደው ዳጉሳ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ዳጉሳ በጥንት ዘመን ከኛ አፍሪካ ተሻግሮ ህንድን የለመደ እህል ነው። አገሩ እህሉንም እኛንም አስገባ፤ እኔ ግን አንዲት ሕፃን ከጉም ወደ እሳት እንዳትገባ ከልክያለሁ።

አማ ልጄን ባጎረሱበት ሌሊት ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ለመስከረም 1 ድፎ ዳቦ ጋገረች። እኔው ተሸክሜ ደረጃውን ወረድኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ከእናቴ ነው» አልኳቸው፣ በአማርኛ። አማ ተቀብለው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

ዕዳዬ በዚህ ተከፍሏል አልልም። ያ ዳቦ የሌላ ደጅ ዳቦ ነበር። ሰር፣ እኔ የዚያን ቀን ቤት ነበርኩ። እናቴ ግን ቤት ብትኖር ኖሮ ታስገባችሁ ነበር፤ ለልጅዎ እግር ውሃ ታሞቅ ነበር። አንኮበርን በእኔ አትመዝኑብኝ። ይቅር በሉኝ።