የእኔ ዋልያና የወንድሜ ዋልያ

«ዋልያ» የሚለው ቃል ባገራችን ቢያንስ ሦስት ባለቤት አለው። አንዱ በስሜን ተራሮች ገደል ለገደል የሚዘለው የዱር ፍየል ነው፤ ሁለተኛው ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን፤ ሦስተኛው ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጠው ቢራ።

አንድ ቅዳሜ እኔና የአሥራ ስምንት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ጎን ለጎን ተቀምጠን ይህንኑ ቃል በየስልካችን ፈለግን። ለእኔ ፍየሉ ቀደመ፤ ለእሱ ኳሱ። እሱ ከጨዋታ ውጤት ሌላ የማይከፍት ልጅ ነው፤ እኔ ስለ ስሜን ለምጽፈው መጣጥፍ ሳነብ ሰንብቻለሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዴት አወቁብን?» አለኝ።

መታወቁስ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰፈሬ ባለሱቅም ያውቀኛል፤ ገና ደጃፉን ሳልረግጥ ስኳሬን መመዘን ይጀምራል። ግን እኔም እሱን አውቀዋለሁ፤ መደርደሪያውም ለሁላችንም አንድ ነው። ገዝቼው የማላውቀው ሰርዲን ፊት ለፊቴ ተደርድሮ ይታየኛል፤ አንድ ቀን ሊያምረኝም ይችላል። የኢንተርኔቱ መደርደሪያ ግን እኔ ስገባ ለእኔ፣ ወንድሜ ሲገባ ለእሱ ይሰናዳል፤ መለወጡንም ጮክ ብሎ የሚነግረን የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የጻፍነው ቃል፣ ከፍተን ያነበብነው ገጽ፣ ያለንበት ቦታ ይመዘገባል፤ ከዚያ የሚደጋገመው ይለቀምና በሚቀጥለው ጊዜ የትኛው ከላይ እንደሚውል ይገመትበታል። ጎግል ይህን መጀመሪያ ያደርግ የነበረው ተመዝግበው ለሚገቡ ደንበኞቹ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ግን ላልተመዘገቡትም አደረሰው፤ ኩኪ በምትባል፣ ኮምፒውተር ላይ በምትቀር ትንሽ ምልክት አማካይነት እስከ 180 ቀን ወደ ኋላ እየሄደ ፍለጋቸውን ይመለከት ጀመር።

ስም አለመስጠት ይሸሽገኛል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ የሆነውን ያስታውስ። ኤ.ኦ.ኤል. የተባለው ኩባንያ ከ650 ሺህ በላይ ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ የፈለጉትን፣ ስማቸውን በቁጥር ተክቶ፣ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ ይፋ አወጣ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ከጥያቄዎቿ ተነሥተው አንዲት ሴት ማን እንደሆነች ደረሱበት። ሰው በሚጠይቀው ይታወቃል ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መታወቄ ሳይሆን፣ የትናንት ጥያቄዬ የነገውን መልስ መምረጡ ነው። ለኳስ ወዳዱ ኳስ፣ ለጠጪው ቢራ ቢቀድም ማን ይጎዳል? እንዲያውም ጊዜ ይቆጥባል። ዋልያን ትተን ስለ አንድ ጦርነት፣ ስለ አንድ ሕግ፣ ስለ አንድ ሕመም ብንጠይቅስ? ሁለት ወንድማማቾች ሁለት ዓይነት መልስ ይዘው አንድ ማዕድ ላይ ሊቀርቡ ነው። ሁለቱም «በዓይኔ አይቼ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም።

የፍለጋ ታሪክን ማጥፊያ መንገድ አለ፤ የሚሻ ይጠቀምበት። የእኔ ምክር ግን ከዚህ ይቀላል። ከባድ ጉዳይ ሲገጥማችሁ ያንኑ ቃል በራሳችሁ ስልክም፣ ከማትስማሙት ሰው ስልክም ላይ ጠይቁ። መልሱ ከተለያየ ቡና አፍሉና ተነጋገሩበት።