ፍርሃቱ ተጽፎ ነበር

እ.ኤ.አ. በ1943 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጣ። ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀ ጽሑፍ ነው ይባልለታል። ባነበብኩት ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ተቀምጦ ነበርና።

አንዲት እናት የልጇን ነገር ለሐኪሙ ስትዘረዝር፣ የእንቁላል መምቻዋን ይፈራ እንደነበር፣ ቫኪዩም ክሊነሯን ሲያይ በድንጋጤ ድርቅ እንደሚል፣ ሊፍት ደግሞ ጭራሽ እንደሚያሸብረው ተናግራለች። ካነር የሌሎቹንም ልጆች ፍርሃት ለቀመ፦ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት፣ ዥዋዥዌ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የጋዝ ምድጃ፣ አንዳንዴም ነፋስ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያስተዋለው ነው። ልጁን የሚያስፈራው ድምፁ ራሱ አይደለም፤ እሱ ሲፈልግ ከዚያ የማያንስ ጩኸት እያሰማ ደስ ብሎት ይጫወታል። የሚያስደነግጠው ሳይጠራው ከውጭ የሚመጣበት ነው። ዕቃ ከቦታው ሲነሳ፣ የለመደው መንገድ ሲቀየር ለምን እሪ እንደሚልም በዚሁ ይገባናል። ሁሉ ነገር እንዳለ እንዲቆይለት የሚፈልገው ከጭንቀት የተነሳ መሆኑን ካነር በግልጽ አስፍሯል። ከዚህ ወዲያ መጠየቅ የነበረበት፣ ይህ ልጅ ምን ያስፈራዋል፣ እንዴትስ እናቅልለት የሚለው ነበር።

አልተጠየቀም። ያው ጽሑፍ ችግሩ ከልጆቹ ጋር የተወለደ እንደሚመስል ቢናገርም፣ ስለ ወላጆቻቸው ቅዝቃዜ ጣል ያደረገው ነገር ነበር፤ ዓለም አንስቶ ያሳደገው ይህንኑ ነው። ካነርም ራሱ ገፋበት። በቺካጎ ብሩኖ ቤተልሃይም ልጆቹን ከወላጆቻቸው ነጥሎ የሚያሳድር ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የልጆቹን ሁኔታ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጋር አነጻጸረ፤ እንግዲህ የካምፑ ጠባቂ እናት መሆኗ ነው። የአልጋው ቦታ ሲቀየር የሚሸበርን ልጅ ከእናቱ እቅፍ አውጥቶ ሕክምና ነው ማለት!

የባሰም አለ። በ1965 የሎስ አንጀለሱ ኢቫር ሎቫስ አምስት ዓመት የሆናቸውን መንትዮች በባዶ እግራቸው ኤሌክትሪክ በሚነዝር ወለል ላይ አቆማቸው። ንዝረቱ የሚቋረጠው ልጁ ወደ አዋቂው ሰው ሲጠጋ ነው። ልጆቹ ሮጠው ተጠጉ፤ ውጤቱም በሳይንሳዊ መጽሔት እንደ ስኬት ታተመ። ዋና ሕመማቸው ፍርሃት ለሆነ ልጆች ፍርሃትን መድኃኒት አድርገው ሰጧቸው።

ሳይንሱ ወደ ፍርሃቱ የተመለሰው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። አንጎል ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ አደጋ ሲሸት ፈጥና የምትነቃ። በሎስ አንጀለስ፣ ልጆችን ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው ኮስኳሳ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እያሻሹ የሚረብሽ ድምፅ አሰሟቸው። በ2015 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የሌሎቹ ልጆች አሚግዳላ ነገሩ ሲደጋገም ረገብ ይላል፤ ኦቲዝም ካለባቸው መካከል ለድምፅና ለንክኪ በጣም ስሱ የሆኑት ልጆች አሚግዳላ ግን አይረግብም። በ2022 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የወጣ ጥናት ደግሞ ከጭንቀትም ጭንቀት እንደሚለይ፣ ማንኛውንም ልጅ የሚይዘው ጭንቀትና ከኦቲዝም ጋር ብቻ የሚመጣው ጭንቀት በዚህችው ክፍል መጠን ላይ የተለያየ ምልክት እንዳላቸው ጠቆመ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት የጭንቀት ሕመም እንዳለባቸው ከ2011 ጀምሮ ይታወቃል።

እኛ ግን ዛሬም «ይለምደዋል» እንላለን። ፀጉር ቤት ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁታል፤ አባት እግሩን ይዞ፣ ሌላው ራሱን ጨብጦ፣ ማሽኑ ጆሮው ሥር እየጮኸ፣ ልጁ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ያለቅሳል። ወረፋ የሚጠብቀው «ቅምጥል ነው» ይላል። ማሽኑን አጥፍቶ ለልጁ መስጠት፣ ራሱ እንዲያበራና እንዲያጠፋው ጊዜ መስጠት ስንት ደቂቃ ይወስዳል? እናቲቱም ከወቀሳ አታመልጥም፤ ቺካጎ ላይ ቅዝቃዜዋ ነው የተባለው እዚህ እርግማን ወይም ኃጢአት ይባላል። ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ስትከፍት የታገለችው ከዚሁ ጋር ነበር።

ካነር በ1969 ዋሽንግተን ውስጥ በተሰበሰቡ ወላጆች ፊት ቆሞ ከጥፋት ነጻ ናችሁ አላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያን 11 ልጆች አፈላልጎ ያገኘውን ጻፈ። ከመካከላቸው መጀመሪያ ያየው ዶናልድ ትሪፕሌት በሚሲሲፒዋ ፎረስት ከተማ ባንክ ይሠራ ነበር፤ ኋላም መኪና እየነዳ፣ ጎልፍ እየተጫወተ፣ ዓለምን እየዞረ ኖሮ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። እሱንም በሦስት ዓመቱ ተቋም አስገብተውት ነበር፤ ወላጆቹ ግን ከዓመት በኋላ ወደ ቤት መለሱት። መንግሥት ሆስፒታል ገብተው የቀሩት ልጆች ዕጣ ሌላ ነው። በልጅነታቸው ካነርን ያስደነቀው የማስታወስ ችሎታቸው ሳይቀር ጠፍቷል፤ እዚያ መግባት ከዕድሜ ልክ እስራት እንደማይለይ የመሰከረው እሱ ራሱ ነው።